ምድር ስትናወጥ ማን በደለ? የክርስትና እምነትና ያልተሟላው ተፈጥሮ

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር በተደጋጋሚ ስትናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በሌሊት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ወጥተዋል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ ወረዳዎች ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው በመጠለያ ለመኖር ተገደዋል። የካቲት 7 ቀን ምሽት የደረሰው መንቀጥቀጥ በሬክተር ስኬል 6.0 ተለክቷል። በዚያ ሰሞን በየዓውደ ምሕረቱ፣ በየጸሎት አዳራሹና በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ዓይነት ንግግሮች ጎልተው ይሰሙ ነበር። አንደኛው ነገሩን የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ሲደመድም፣ ሁለተኛው ጉዳዩ የከርሰ ምድር ጉዳይ ስለሆነ እምነትን የሚመለከት አንዳች ነገር የለበትም ይል ነበር። ሁለቱም ንግግሮች ሰውን ለጊዜው ቢያሳርፉም፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሊሸሸው የማይችለውን ጥያቄ ሳይነኩ ያልፉታል። እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ አይቶ «እጅግ መልካም» ካለው፣ ይህ መልካም ፍጥረት ሕፃኑንና ሽማግሌውን ሳይለይ የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?

የመጀመሪያውን ንግግር አስቀድመን እንመርምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቀበለውና ብዙ ሰውን የሚጎዳውም እርሱ ነው። በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ላይ በኢየሩሳሌም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን እንደ ገደለ እናነባለን። የዚያን ዘመን ሰው እንደ ዛሬው ሰው፣ ሟቾቹ አንድ የተለየ በደል ቢኖርባቸው ነው ብሎ ያስብ ነበር። ጌታም እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችሁ እንደ ሆነ ጠይቆ፣ «እላችኋለሁ፥ አይደለም» ሲል መለሰ። ወዲያው ደግሞ ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ አለ። ይህ ሁለተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ተነጥሎ ይጠቀሳል፤ ሲነጠልም ትርጉሙ ይዛባል። ጌታ ንስሐን የጠየቀው ቆመው ከሚሰሙት ሰዎች ነው፤ ከፍርስራሹ ሥር ባሉት ላይ ግን ፍርድ አልሰጠም። ምህላ የምታደርስ ምእመን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ራሷን ከኃጢአተኞች መካከል ቆጥራ ነው፤ በዚህ መንፈስ የሚደረግ ጸሎት ወንጌሉ ያዘዘው ነው። ስለ አዋሽ ፈንታሌ ሰዎች ኃጢአት ከሩቅ ከተማ ሆኖ መስበክ ግን ወንጌሉ በግልጽ የከለከለው ነገር ነው።

እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምድር አፏን ከፍታ ዓመፀኞችን እንደ ዋጠች፣ ከሰማይም እሳትና ዲን እንደ ዘነበ ተጽፏል። እነዚህን ታሪኮች መካድ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ ነገሩ ከመድረሱ በፊት የተናገረ ነቢይ ወይም መልአክ ነበረ፤ ማስጠንቀቂያም፣ የማምለጫ መንገድም ተሰጥቶ ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ ተነሥቶ ምክንያቱን ለእግዚአብሔር የሚደርስለት ሰባኪ የሚመስለው ኤልያስን ወይም ሙሴን ሳይሆን የኢዮብን ወዳጆች ነው። እነርሱም ስለ እግዚአብሔር ብዙ ካወሩ በኋላ፣ ስለ እኔ ቅን ነገርን አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱት ከራሱ ከእግዚአብሔር ነው።

በጎፋ የሆነውን ማሰብ ይህን የበለጠ ያጸናዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የአካባቢው ሠራተኞች በእጃቸውና በአካፋ ጭቃውን እየቆፈሩ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ፣ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። በሁለቱ ናዳዎች ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። ባልንጀራውን ለማውጣት ሲቆፍር የሞተን ሰው ተቀጣ የሚል ሃይማኖት ካለ፣ ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከሚሰጥ ሰው ይልቅ የሚበልጥ ፍቅር ያለው የለም ካለው ጌታ የተማረው ሃይማኖት ሊሆን አይችልም።

ይህ ክርክር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755፣ በካቶሊካውያን አቆጣጠር የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚከበርበት ጠዋት፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናን ተሞልተው ሳሉ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። የቀረውን የባሕር ማዕበልና ለቀናት የዘለቀ ቃጠሎ ጨረሰው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ጋብሪኤል ማላግሪዳ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ የአደጋው ምክንያት የተፈጥሮ ነገር ሳይሆን የሕዝቡ ኃጢአት ብቻ እንደ ሆነ ተከራከረ። በዚያው ጊዜ የፖርቱጋል መንግሥት ለየአጥቢያው ካህናት የጥያቄ ዝርዝር ላከ፤ መንቀጥቀጡ መቼ ጀመረ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ባሕሩ አስቀድሞ ሸሸ ወይስ ወጣ፣ ምንጮችና ጉድጓዶች ምን ለውጥ አሳዩ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ካህናቱ ያዩትን ጽፈው መለሱ። ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ ተመራማሪዎች ስለ ሊዝበን ከሚያውቁት ብዙውን ነገር ያገኙት ከእነዚያ የአጥቢያ ካህናት መልሶች ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ፒየር ጉዋን የተባሉ የካናዳ ተወላጅ፣ እርሳቸውም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ለዓመታት የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጦች መዘገቡ፤ በየዜና መዋዕሉና በየተጓዡ ማስታወሻ ተበትኖ የነበረውንም ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1906ቱ ታላቅ መንቀጥቀጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የሰርዶን ከተማ ያፈረሰውም ይገኛሉ። ማላግሪዳና ጉዋን ሁለቱም የአንድ ማኅበር አባላት፣ የአንድ እምነት ልጆች ናቸው። አንዱ ምድር ስትናወጥ በዳይ ፈለገ፤ ሌላው ምድርን ራሷን መረመረ። እኔ የሁለተኛውን ሥራ እምነት የጎደለው ሳይሆን ለፈጣሪ የበለጠ አክብሮት ያለው ሥራ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር የሠራውን ነገር በሠራበት ሥርዓት ለማወቅ የደከመ ሰው ሥራ ነው።

ታዲያ የምድሪቱ ሥርዓት ምን ይመስላል? የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ክፍለ ምድሮች (የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጮች) በአፋር ላይ ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸውም በዓመት በሚሊ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ይራራቃሉ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መሥመር ላይ የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ሰርጎ፣ ምድሪቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተች። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። ይህ ኃይል የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ላይ የፈሰሰው የቀለጠ ዐለት ነው የኢትዮጵያን ደጋ የገነባው። ደጋው ባይኖር ደመናውን የሚያስቆም ተራራ፣ ከዝናቡ የሚወለድ ዓባይና ተከዜ ባልኖሩም ነበር። ገበሬው የሚያርሰው ቀይና ጥቁር አፈር የዚያ ዐለት ብስባሽ ነው፤ የሶደሬና የወንዶ ገነት ፍል ውኃ፣ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆችም ከዚያው ስንጥቅ የተገኙ ናቸው። ምድር የምትመግበንና የምትጎዳን በአንድ እጇ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከጥንታዊው ትምህርት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር አለ፤ ሳይሸፈን ሊነገርም ይገባዋል። አብዛኞቻችን የተማርነው ተፈጥሮ የጎደለችው ከአዳም በደል በኋላ እንደ ሆነ ነው። «ምድር ከአንተ የተነሣ የተረገመች ትሁን» የሚለው ቃል፣ እሾህና አሜከላ የበቀሉበት ምክንያት ነው ተብለናል። ይሁን እንጂ ቅሪተ አካሏ በአፋር በዲኪካ የተገኘችውና በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ይፋ ያደረጋት ሰላም፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት፤ የሞተችውም ከዛሬ 3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። መሬት መንቀጥቀጥም፣ እሳተ ገሞራም፣ የሚያድንና የሚታደን አውሬም ሰው በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ በፊት ነበሩ። ይህን ዘመን አቆጣጠር የማይቀበሉ ምእመናን እንዳሉ አውቃለሁ። ለሚቀበሉት ግን ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከሰው በፊት የነበረ ሞት በሰው ኃጢአት እንዴት ይመጣል?

የቤተ ክርስቲያን አባቶች በዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ አልተናገሩም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሄሬኔዎስ፣ ሰው ሲፈጠር እንደ ሕፃን ሆኖ፣ ወደ ፍጹምነት እንዲያድግ ነው የተፈጠረው ይላል። አውግስጢኖስ እሳት፣ ብርድና አውሬ እኛን ስለሚጎዱ ብቻ ክፉ ሊባሉ እንደማይገባቸው፣ እያንዳንዱ በስፍራው መልካም እንደ ሆነ ያስተምራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ፣ ዛሬ ሥጋ የሚበሉ እንስሳት ከአዳም በደል በፊት ሣር ይበሉ ነበር ማለት ምክንያታዊ እንዳልሆነ፣ የእንስሳት ባሕርይ በሰው ኃጢአት እንዳልተለወጠ ጽፏል። መዝሙረኛውም የአንበሳ ግልገሎች ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚፈልጉ ሲዘምር በሐዘን አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ራሱ ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ስለሚያዘንበው ዝናብ፣ ጫጩቶቹ ደም ስለሚጠጡ ንስር ሲናገር፣ ፍጥረት በሙሉ ለሰው ምቾት ብቻ እንዳልተሠራ እያሳየው ነው። የኦሪት ዘፍጥረት ትረካም ቢሆን ምድርን በሙሉ ገነት አላደረጋትም፤ ገነት በምሥራቅ የተተከለች፣ ወሰን ያላት ስፍራ ነበረች። ሰውም ምድርን እንዲሞላና እንዲገዛ ሲታዘዝ፣ ገና የሚሠራ ሥራ እንዳለ ያመለክታል። «እጅግ መልካም» ማለት «የተጠናቀቀ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እረዳለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን ድረስ አብሮ በመቃተትና በምጥ እንደሚኖር ሲጽፍ፣ የተናገረው ወደ ኋላ ስለ ጠፋ ነገር ብቻ ሳይሆን ገና ስለሚወለድ ነገር ጭምር ነው።

ሆኖም ይህ መልስ እስከ መጨረሻው አያደርስም። ስንጥቁ ባይኖር ደጋው ባልኖረ የሚለው ማብራሪያ እውነት ቢሆንም፣ በጎፋ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆሞ ሊነገር አይችልም። ከዚያም በላይ ክርስቲያን ይህን ማብራሪያ ብቸኛ መልሱ ሊያደርገው አይችልም፤ ምክንያቱም እንባና ሞት የሌለበት አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር እንደሚመጣ ያምናል። ሥቃይ የሌለበት ፍጥረት በመጨረሻ ሊኖር ከቻለ፣ ከመጀመሪያው ያልሆነው ለምንድን ነው? የሄሬኔዎስ የዕድገት ሐሳብ የመልሱን ግማሽ ይሰጥ ይሆናል፤ በነጻነት የሚያድግ ፍጥረት ያለ ጊዜና ያለ ድካም አያድግምና። የሕፃን ሞት ግን በማንም ዕድገት አይካስም። ኢዮብም ምክንያቱ አልተነገረውም። ክርስትና እዚህ ላይ የሚያቀርበው ማብራሪያ ሳይሆን አንድ ሰው ነው፤ የተራበ፣ የደከመው፣ በወዳጁ መቃብር ላይ ያለቀሰ፣ በዚህችው በጎደለች ምድር ላይ የሞተና የተነሣ። እግዚአብሔር ፍጥረቱን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሊመለስ የማይችል ክስ በሆነ ነበር፤ እምነታችን ግን ወደ ምጡ ውስጥ እንደ ገባ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ሐሳብ በተግባር የሚፈተንበት ቦታ ከመሬት መንቀጥቀጥ ይልቅ እጅግ የተለመደና ጸጥ ያለ ነው። የአገራችንን ደጋ ያበለጸገው ያው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር፣ በባዶ እግር ለዓመታት ለሚረግጡት ሰዎች የእግር ዝሆኔ በሽታ ያመጣል። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ ነው፤ ተውሳክም ጀርምም የለውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ የሚነሡ ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ሰውነት ሲዋጋቸው የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆስላሉ፣ ቀስ በቀስም ይዘጋሉ፤ እግርም ያብጣል። በኢትዮጵያ ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ የተደረገ ጥናት ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ አሳይቷል። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲሠራ የበሽታውን ከአፈር ጋር ያለውን ግንኙነት እስኪያረጋግጥ ድረስ፣ ሕዝቡ ምክንያቱን በእርግማን፣ በመተት ወይም በኃጢአት ያስረዳው ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው።

የእርግማን ሐሳብ የጸናው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በወላይታ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት ምክንያቱን አስረድቷል፤ የሚወረሰው ራሱ በሽታው ሳይሆን በአፈሩ ብናኝ በቀላሉ የመጎዳት ባሕርይ ነው። ያ ባሕርይ ያለው ልጅ ጫማ ካደረገ በሽታው አይጀምረውም። ነገር ግን «የዚያ ቤት ደም» የሚለው አነጋገር ጫማ ሊከላከለው ይችል የነበረውን ነገር ወደ ፍርድ ለውጦታል። ታማሚዎች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ጤናማ ሰው እንዳያገባቸው ተደርገዋል፤ ከዕድርና ከስብሰባ ተገልለዋል፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ሳይቀር የቀሩ እንዳሉ በጥናቶች ተመዝግቧል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አፈሩ እግራቸውን ጎዳ፤ እኛ ደግሞ እግዚአብሔርን ምስክር አድርገን ፈረድንባቸው።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም ነጻ አደረጋቸው። ከዚያም ምክንያቱን በመተንተን ጊዜ አላጠፋም፤ ከምድር አፈር ጭቃ አድርጎ ዓይኖቹን ቀባው፣ ሄዶም በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ አዘዘው። ግንቡ ወድቆ 18 ሰዎችን የገደለበት ስፍራና ዕውሩ ታጥቦ ያየበት ስፍራ አንድ ስም አላቸው። በሁለቱም ስፍራ ጌታ በዳይ ፍለጋውን አቁሟል፤ በሁለተኛው ደግሞ በአፈርና በውኃ ፈውሷል።

የእግር ዝሆኔ ሕክምናም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከፍተኛ መሣሪያ አይፈልግም፤ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ንጹሕ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እያስነሣ ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የእግር መቁሰል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡባት ቤተ ክርስቲያን፣ ይህን ሥራ ለጤና ጣቢያ ብቻ ልትተወው የምትችለው በምን ምክንያት ነው? ሥርዓቱን የሠራው ጌታ እንዲሁ አድርጉ ያለው በዓመት አንድ ቀን እንዲታሰብ ብቻ አልነበረም።

በሽታው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግም ሳይታወቅ ይቆያል። በደጋው መንደሮች ማን ያለ ጫማ እንደሚያድግ፣ ማን ያበጠ እግሩን ሸፍኖ ከቅዳሴ እንደሚቀር፣ ማን ከቤቱ ሳይወጣ ወራት እንደሚያልፍ ከማንም በፊት የሚያውቀው፣ የየቤቱን ደጅ የሚረግጠው የንስሐ አባት ነው። እርሱ ገብቶ ይህ እርግማን አይደለም፣ አፈር ነው፤ ውኃውን አሙቁ፣ ለልጁም ጫማ ፈልጉለት ቢል፣ ያ ቤተሰብ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምቶ ያላመነውን ነገር ከእርሱ ሰምቶ ያምናል።